ጨረሩን የሚሰፍር እጅ

የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ወረታ የመንገድ መለያያ እንደ ሆነች ያውቃል። ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ በዚያ ለሁለት ይከፈልና አንደኛው በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ሁለተኛው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጋይንት ያቀናል። በዚህ አገር መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት መንገደኞች ጠፍተው አያውቁም፤ እነርሱም ዕውቀት ፈላጊው ተማሪና ፈውስ ፈላጊው በሽተኛ ናቸው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ጋይንት ጉባኤ ቤቶች ይሄዳል። በሽተኛው ደግሞ ስንቁን ይዞ፣ በቤተሰቡ ተደግፎ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር፣ ሕመሙ የጠናበት እንደ ሆነም ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እስከ አዲስ አበባ ይዘልቃል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱም ልንናገር እንወዳለን፤ ሁለቱ በአንድ ሥራ ላይ እንደሚገናኙ ተረድተናልና። ያም ሥራ በጨረር ሕክምና ቤት ውስጥ የጨረሩን ልክ የሚጠብቀው፣ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ የሚባለው ሰው ሥራ ነው። በተለይም የምንመለከተው ይህ ሰው ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በሆስፒታል ውስጥ፣ ከበሽተኛ አጠገብ፣ ለሥራው እንዴት እንደሚሠለጥን ነው። ነገሩ የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ቤተሰብ ደጅ የሚነካ መሆኑን አንባቢዎቻችን ወደ ፊት ይረዱታል።

ቀድሞ ነቀርሳ፣ ዛሬ ግን በተለምዶ ካንሰር የሚባለው በሽታ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በጡትና በማኅፀን በር ነው። ሐኪሞች ይህን በሽታ በቀዶ ጥገና፣ በመድኃኒትና በጨረር ይዋጉታል። ጨረሩ የነቀርሳውን ሕዋስ እንዳይባዛ አድርጎ ያመክነዋል። የሆነ ሆኖ ጨረር በሽታውን ከጤናው ለይቶ የማወቅ ጠባይ የለውም፤ ያገኘውን ሁሉ ይነካል። ቢያንስ በሽታው ተመልሶ ያቈጠቍጣል፤ ቢበዛ ደኅናውን አካል ያቈስላል። ስለዚህ የዚህ ሕክምና ነገሩ ሁሉ ያለው በመጠኑና በቦታው ላይ ነው።

ይህ ጥበብ ወደ እኛ የደረሰው በዝግታ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ራጅ የምንለውን ጨረር ያገኘው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ማሪ ኩሪና ባለቤትዋ ፒየር ራዲየምን ያገኙት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ኮባልት 60 በሚባለው ንጥረ ነገር ጨረር በሽተኞችን ማከም በካናዳ በ1951 ዓ.ም. ተጀመረ። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኮባልት መሣሪያ ሥራውን ጀመረ፤ ከዚያም ከሃያ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ለመላው ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በዚያ ማዕከል ብቻ ነበረ። ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሪክ ኃይል ጨረር የሚያመነጩት፣ ሊኒየር አክስለሬተር የተባሉት አዳዲስ መሣሪያዎች በዚያው በጥቁር አንበሳና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተተክለው ሥራ ጀምረዋል። ለእኛ ለፎገራ ሰዎች ቅርብ የሆነው ጎንደርም ማዕከል እንዲቋቋምባቸው ከተመረጡት ከተሞች አንዱ ሆኗል።

መሣሪያው በመጣበት ቦታ ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ አብሮት ይመጣል። ሐኪሙ በሽተኛይቱን መርምሮ ይህን ያህል ጨረር በዚህ ቦታ ይሰጣት ብሎ ያዝዛል። የጨረር ቴክኖሎጂስቱ በየቀኑ በአልጋው ላይ አስተካክሎ ያስተኛታል፤ መሣሪያውንም ያስነሣል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ያዘዘው መጠንና ከመሣሪያው የሚወጣው መጠን አንድ መሆኑን የሚያረጋግጠው ማን ነው? ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲነካም አይሰማም። በሽተኛይቱ ልትመሰክር አትችልም፤ ሐኪሙም በዓይኑ አይቶ ሊፈርድ አይችልም። ይህን የሚያረጋግጠው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ነው።

የጨረር መጠን ግሬይ በሚባል መስፈሪያ ይሰፈራል፤ ስሙም የእንግሊዛዊው ሊቅ የሉዊስ ሃሮልድ ግሬይ መታሰቢያ ነው። ብዙ ጊዜ ለበሽተኛ የሚሰጠው በቀን 2 ግሬይ ያህል፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስት ሳምንት ሲሆን፣ ድምሩ 50 ግሬይ ይሆናል። ባለሙያው ልኩን የሚያጣራው በበሽተኛ ላይ አይደለም። የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ስለ ሆነ፣ ውኃ የሞላበት ገንዳ ከመሣሪያው ሥር ያኖርና በውስጡ ትንሽ የጨረር መለኪያ አጥልቆ ያነብባል፤ የአየሩን ሙቀትና ግፊት ሳይቀር አስቦ ሒሳቡን ያርማል። በበሽተኛው አካል ላይ የሚያርፈው ጨረር ከታዘዘው ከመቶ አምስት እጅ የበለጠ ልዩነት ሊኖረው እንደማይገባ የዓለም ባለሙያዎች ከተስማሙ ብዙ ዘመን ሆኗል።

ኮባልቱ ደግሞ እንደ ጧፍ እያለቀ የሚሄድ ነገር ነው። በየወሩ ከኃይሉ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ በአምስት ዓመት ከሦስት ወር ውስጥም ኃይሉ በግማሽ ይጎድላል። እንግዲህ ኮባልቱ አዲስ በነበረ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ይበቃው የነበረው በሽተኛ ከዚያ ዘመን በኋላ አራት ደቂቃ መተኛት ይኖርበታል። ይህን እየቆጠረ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ያው ባለሙያ ነው። አንድ ቀን ሒሳቡን ቢስት የሚሳሳተው በአንድ ሰው ላይ ብቻ አይደለም፤ በዚያ መሣሪያ ሥር በሚተኛው ሁሉ ላይ ነው።

ይህ ፍርሃት ባዶ ፍርሃት አለመሆኑን አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። በ1996 ዓ.ም. በመካከለኛው አሜሪካ በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ፣ በአንድ ሆስፒታል ያረጀው ኮባልት በአዲስ ተተካ። አዲሱ ኮባልት ሲለካ የመሣሪያው ሰዓት 0.3 ደቂቃ ይል ነበር። ይህም 18 ሰከንድ ማለት ነው፤ ነገር ግን 30 ሰከንድ ተብሎ ተወሰደ። በዚህም ምክንያት ኮባልቱ ከእውነተኛው ኃይሉ ይልቅ ደካማ መሰለ፤ ደካማ ስለ መሰለም የሕክምናው ጊዜ ረዘመ። ስሕተቱ እስኪታወቅ ድረስ 115 በሽተኞች ከሚገባቸው በላይ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያም የሚበልጥ ትርፍ ጨረር ተቀበሉ፤ ጥቂቶቹም በዚሁ ምክንያት እንደ ሞቱ መርማሪዎች አረጋገጡ። ደቂቃን ወደ ሰከንድ መለወጥ የትምህርት ቤት ልጅ የሚሠራው ሒሳብ ነው። የጎደለው ሒሳቡን ማወቅ አልነበረም፤ የለካውን ነገር ተጠራጥሮ፣ በሌላ መንገድ ደግሞ ለክቶ፣ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ ማንንም ላለማስተኛት የሚያስገድድ ልማድ ነበረ እንጂ።

ይህ ልማድ ከመጽሐፍ አይገኝም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት፣ አገራችን ከተቋቋመበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት ማኅበር፣ አንድ ሥርዓት እንዲጠበቅ ይመክራል። ሰውየው በመጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ይማራል፤ ቀጥሎ በሕክምና ፊዚክስ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወዲያውኑ ብቻውን እንዲሠራ አይለቀቅም። በሆስፒታል ውስጥ በአንድ የበቃ ባለሙያ ሥር ሆኖ ከሁለት ዓመት ለማያንስ ጊዜ ይሠለጥናል። ድርጅቱ ለዚሁ ሥልጠና የሚሆን መምሪያ አዘጋጅቶ በ2009 ዓ.ም. አውጥቷል፤ መምሪያውም በስምንት ክፍል የተከፈለ ነው። ተለማማጁ የበሽተኛንና የሆስፒታልን ጠባይ ከማወቅ ይጀምራል፤ ቀጥሎም ከጨረር መጠበቅን፣ መጠን መለካትን፣ መሣሪያዎቹን ማወቅና መፈተሽን፣ የእያንዳንዱን በሽተኛ የሕክምና ዕቅድ ማውጣትን፣ የጨረር ምንጩን በአካል ውስጥ አስገብቶ የሚደረገውን ሕክምና፣ የሥራ ሥነ ምግባርንና የጥራት ጥበቃን፣ በመጨረሻም መመራመርንና ሌላውን ማስተማርን ይለምዳል። በየዕለቱ የሠራውን በመዝገብ ይጽፋል፤ መምህሩም እያንዳንዱን ሥራ ፊት ለፊት አይቶ፣ ይህን ያለ ረዳት ሊሠራው ይችላል ብሎ ካላረጋገጠለት ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

የሠለጠነውም ቢሆን ከመፈተሽ አይወጣም። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ይኸው ድርጅት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋራ ሆኖ ትናንሽ የጨረር መለኪያዎችን በፖስታ ወደ ሆስፒታሎች ይልካል። ባለሙያው ይህን ያህል ሰጠሁ የሚለውን ጨረር ያሳርፍባቸውና መልሶ ይልካል፤ በኦስትሪያ አገር በሚገኘው ላቦራቶሪ ሲነበቡም ቃሉና መለኪያው መስማማታቸው ይታወቃል።

ይህን ሥርዓት ስንሰማ እንግዳ አልሆነብንም። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ እናውቃለንና። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። አንድ ሰው ድጓውን በሌላ ጉባኤ ቤት ጨርሶ ቢያውቀው እንኳ፣ መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ በመምህሩ ፊት ማስመስከር ይኖርበታል። ዝማሬ መዋሥዕትም እንዲሁ በዙር አምባ ይመሰከራል። አባቶቻችን ይህን የወሰኑት የተማሪውን ዕድሜ ለማባከን አይደለም፤ ማወቅ አንድ ነገር፣ የታመነ መሆን ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ስላወቁ ነው። ዜማው አንድ ጊዜ ቢሳት መምህሩ በማግሥቱ ያቃናዋል። በሰው አካል ላይ ያረፈውን ጨረር ግን መልሶ የሚያወጣው የለም። እንግዲህ ለዜማ ይህን ያህል ምስክር ከተፈለገ ለጨረር ምን ያህል ይፈለግ ይሆን?

የዚህን ሥልጠና ዋጋ እኛ በዓይናችን ለማየት የበቃነው በአክስታችን ምክንያት ነው። አክስታችን በወረታ ገበያ ሩዝና ጤፍ እየሰፈሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማኅፀን በር ነቀርሳ ታመው ለጨረር ሕክምና በተላኩ ጊዜ አስታማሚ ሆነን አብረናቸው ሄድን። የሆስፒታሉን ስም መጥራት ለነገራችን አያስፈልግም። ሕክምናው በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ማለዳ፣ በሽተኞቹ ሁሉ ተራቸውን ሲጠብቁ፣ አንዲት ወጣት ባለሙያ ከመሣሪያው ክፍል ወጥታ በፊታቸው ቆመች።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ» አለች፤ «ዛሬ ጧት የለካሁት ከትናንቱ ጋራ አልተስማማልኝም። ምክንያቱን ሳላገኝ አንዳችሁንም ላስገባ አልችልም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ማጉረምረም ሆነ። በዚያ የተቀመጠው ሕዝብ አብዛኛው ከሩቅ አገር የመጣ፣ በየቀኑ የማደሪያ የሚከፍል ነበረ። አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ትንሽ ቢለያይ ምን አለበት?» ብለው ጠየቁ። እርስዋም፣ «የምፈራው ትንሹን ነው፣ አባቴ፤ ትልቁንማ ማንም ያየዋል» ብላ መለሰች። በዚህ ጊዜ አክስታችን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ተዉአት እባካችሁ፤ ቁናው ሳይስተካከል እህል አይሰፈርም» አሉ። ከዚህ በኋላ የሚያጉረመርም አልተገኘም።

ከቀትር በኋላ ምክንያቱ ተገኘ። የጨረሩ መሣሪያ ደኅና ነበረ፤ የተበላሸው የመለኪያው ገመድ ነበረ። በሌላ መለኪያ ደጋግማ ለክታ ከተስማማላት በኋላ ሕክምናው ተጀመረ፤ በሽተኞቹም እስከ ምሽት በየተራቸው ገቡ። አንድ ሰው፣ «እንግዲያውስ በከንቱ ነው የዋልነው» ቢላት፣ «መሣሪያው ደኅና መሆኑን ጧት አላውቅም ነበር» ብላ መለሰችለት። እኛም ስትወጣ ጠብቀን ይህን ድፍረት ከየት እንዳገኘችው ጠየቅናት። «መለካቱን ከመጽሐፍ ተማርሁ፤ ማቆሙን ግን የተማርሁት ከመምህሬ ነው። ሁለት ዓመት አጠገቡ ስሠለጥን፣ ሰው ሁሉ እየተቈጣው መሣሪያ ሲያቆም አይቼዋለሁ» አለችን። አክስታችን ሕክምናቸውን ጨርሰው ወደ ወረታ ተመለሱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም ጥጣቸውን ይፈትላሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ደጋግመን አስበነዋል። የሁለቱ ዓመት ሥልጠና ፍሬ የእጅ ቅልጥፍና ብቻ አይደለም፤ የሚቸኩል ሕዝብ፣ የሚቸኩል ሐኪም፣ የሚቸኩል አለቃ ባለበት ቦታ፣ «ልኩን ሳላውቅ አላስገባም» ለማለት የሚያስችል ኅሊና ነው። እንዲህ ያለው ኅሊና የሚበቅለው ይህንኑ ሲያደርግ ከሚታይ መምህር አጠገብ ነው።

የፎገራ ገበሬ ይህን በራሱ እርሻ ያውቀዋል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ቀድሞ ይታወቅ የነበረው በከብቱ ነው። ሩዝ የገባበት በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እንደ ሆነ ይነገራል። ዘሩ ብቻውን በከረጢት ቢላክ ኖሮ ሜዳው ዛሬ የሩዝ አገር ባልሆነ ነበር። ሰው ከሰው እየተማረ፣ ውኃው ምን ያህል ቢቆም እንደሚበቃና መቼ መፍሰስ እንዳለበት በየማሳው እያየ ነው የለመደው። በወረታ የሚገኘውም ብሔራዊ ተቋም ስሙ የሩዝ ምርምር ብቻ ሳይሆን የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተብሏል። የጨረር መሣሪያም እንደዚሁ ነው። በብዙ ገንዘብ ተገዝቶ፣ ግድግዳው ወፍራም በሆነ ቤት ውስጥ ቢተከልም፣ የሚለካው ሰው ካልተዘጋጀለት በከረጢት እንደ ቀረ ዘር ይሆናል።

ባለሙያውን የማዘጋጀቱ መንገድ ደግሞ ረጅም ነው። መምህር የሚሆን የበቃ ባለሙያ በአገር ውስጥ በጥቂቱ ሲገኝ ተማሪው ወደ ውጭ ይሄዳል። ለምሳሌ ፓኪስታናዊው ሊቅ አብዱስ ሰላም በ1964 ዓ.ም. በጣልያን አገር በትሪየስት ባቋቋመው ዓለም አቀፍ የፊዚክስ ማዕከል፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከከተማው ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ወጣቶች የሕክምና ፊዚክስ ትምህርት ይሰጣል፤ ከሁለቱ ዓመት ሁለተኛው የሚያልፈው በሆስፒታል ውስጥ በመለማመድ ነው። የሆነ ሆኖ ከሁሉ የሚሻለው ሥልጠናው በአገራችን ሆስፒታሎች እየተተከለ አንዱ ሌላውን እንዲያፈራ ማድረግ ነው። ቤተ ልሔም ከትውልድ ወደ ትውልድ የደረሰችው ምስክሩ ምስክር እየተካ እንጂ በየዘመኑ መምህር ከሩቅ እየተመጣላት አይደለምና።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ወደ ቤተሰቦች ይመለሳል። ልጃችን በሒሳብና በፊዚክስ የበረታ እንደ ሆነ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን እንመክረዋለን፤ ፊዚክስ ልማር ቢለን ግን፣ «ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» እንለዋለን። ዲግሪውን ከያዘ በኋላም ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያም በላይ የሁለት ዓመት ልምምድ ቀርቶኛል ቢል ትዕግሥታችን ያልቃል፤ ቤት እንዲሠራልን፣ ታናናሾቹን እንዲያስተምርልን፣ ትዳር እንዲይዝ እንወተውተዋለን። ችግራችን እውነተኛ ስለ ሆነ ማንም ሊነቅፈን አይችልም። ሆኖም አያቶቻችን በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በደጃቸው የቆመውን የቆሎ ተማሪ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይጠይቁ፣ ከማድጋቸው እየቈነጠሩ ለብዙ ዓመት አስተምረውታል። ያ ትዕግሥት በቤታችን ያለ ሀብት ነው፤ ለዚህም ትምህርት ልናውለው ይገባናል። ሴቶች ልጆቻችንንም ከዚህ ጥሪ አናስቀራቸው፤ አክስታችንን ከጉዳት የጠበቀችው ሴት ልጅ ናትና።

ደግሞም ጸበሉንና መድኃኒቱን እንደሚጣሉ አድርጎ የሚያስብ ካለ፣ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተፈጠረ መሆኑን እንደሚያስተምር ያስታውስ፤ መድኃኒት ቀማሚውንም መጽሐፉ አልረሳውም። የጨረር ልክ የሚጠብቀውም ሰው በዘመናችን እንደዚያ ቀማሚ ያለ ነው። በሽተኛውን የያዘ ቤተሰብ ጸሎቱን ሳያቋርጥ በጊዜ ወደ ሕክምና ይሂድ፤ ተራ ሲጠብቅ፣ ዛሬ ልኩ ስላልተስማማ ቆዩ ቢባልም ያ መዘግየት ስለ እርሱ የተደረገ ጥንቃቄ መሆኑን ይወቅ።

በወረታ መለያያ ላይ የሚገናኙት ሁለቱ መንገደኞች እንግዲህ አንዱ ለሌላው አስፈላጊ ናቸው። ዛሬ ደብተሩን ይዞ የሚሄደው ልጅ፣ ታግሠን ብናስተምረው፣ ነገ ለታመመችው እናት ልኩን የሚጠብቅላት ይሆናል። የጥበብ ሁሉ ባለቤት እግዚአብሔር ለተማሪዎቻችን ማስተዋልን፣ ለመምህራኑ ዕድሜን፣ ለቤተሰቦቻችን ትዕግሥትን፣ በሕመም ላይ ላሉት ሁሉ ምሕረትን ያድልልን።